የደከመ አፈር፣ ዱቤና ጥጥ በአላባማ

ከእርስ በርሱ ጦርነት በኋላ በደቡባዊው የአሜሪካ ክፍል ከነበረው የጥጥ ገበሬ ብዙው እኩል አራሽ ነበር። መሬቱ የባለርስቱ ነው፤ ዘሩ፣ ቀለቡና በቅሎው ብዙ ጊዜ በዱቤ የሚገኝ ሲሆን ጥጡም ገና ሳይለቀም ለዕዳ የተያዘ ነው። በከረጢት የሚሸጠው ማዳበሪያም በዚሁ የዱቤ መዝገብ ላይ ይሰፍር ነበር። በአንጻሩ ጥጥ በጥጥ ላይ ያለማቋረጥ ስለሚዘራና መሬቱም በብርዱ ወራት ራቁቱን ስለሚቀር፣ ተዳፋቱን ዝናብ እያጠበ አፈሩ ደከመ።

በ1896 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በዚያው አገር፣ 30 ኪሎ ሜትር ያህል በሚራራቁ ሁለት ከተሞች፣ ሁለት ሥራዎች ተጀመሩ። በኦበርን ከተማ፣ በጊዜው ነጮች ብቻ ይማሩበት በነበረው የእርሻና የመካኒክ ኮሌጅ፣ ፕሮፌሰር ዱገር አንድ ኤከር መሬት ለ13 መደቦች ከፍለው የጥጥ ሙከራቸውን ዘረጉ። ሐሳባቸው በብርዱ ወራት ማገጥና ቬች ዘርቶ፣ በጸደይ ገልብጦ በማረስ አፈሩን ከመታጠብ ማዳንና ናይትሮጅን ማስገኘት ነበር። በተስኪጊ ደግሞ በባርነት የተወለዱት ጆርጅ ዋሽንግተን ካርቨር በጥቁሮቹ ተቋም የእርሻ ክፍሉን ተረከቡ፤ በዓመት በ1,500 ዶላር የሚተዳደር የምርምር ጣቢያም በ1897 ተቋቋመላቸው።

ካርቨር በፋብሪካ ማዳበሪያም ሙከራ አካሂደዋል። ዳሩ ግን ምክሩን የሚሰማው ገበሬ የሚገዛበት ገንዘብ አልነበረውም። ስለዚህ የጫካ ቅጠል፣ የረግረግ ጭቃና የበረት ፍግ በየተራ እየከመሩ ማብላላትን አስተማሩ፤ በ1905 ስለ ደከመ አፈር ማልሚያ ያሳተሙት መጽሔትም የታሰበው ለዚሁ ሰው ነበር። በ1906 የተጀመረው ተንቀሳቃሽ ትምህርት ቤት ይህንኑ ዕውቀት በበቅሎ በሚጎተት ጋሪ እስከ ገበሬው ደጃፍ አደረሰው። የካርቨርን ስም ከለውዝ ጋር ብቻ አያይዞ የሚያነሳ ሰው ከሥራቸው ትልቁን ክፍል ይዘለዋል።

የኦበርኑ ሙከራ ያሳየው ነገር ከሁለቱም ወገን ክርክር ይልቅ ረቂቅ ነው። ማገጥ ናይትሮጅንን ከአየር ይወስዳል፤ ፎስፌትንና ፖታሽን ግን ከአየር አያገኝም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እነዚህ በጥቂቱ ብቻ ይሰጡ ስለነበር ማገጡ ራሱ ቀጭጮ ቀረ፤ መጠናቸው ከፍ ሲል ግን ለመለመ፣ ከእርሱም ጋር የጥጡ ምርት ጨመረ። ማለትም አረንጓዴው ፍግ ሥራውን የሠራው በማዕድን ማዳበሪያ ተደግፎ ነው። በረጅሙ መዝገብ ሲታይ፣ ማገጥ ታርሶበት ናይትሮጅን ከውጭ ያልተጨመረለት ጥጥ በኤከር 120 ፓውንድ፣ ማለትም በሄክታር 134 ኪሎ ግራም ያህል፣ የፋብሪካ ናይትሮጅን ከተሰጠው ጋር የሚወዳደር ምርት ሰጥቷል። ጥጥ ከበቆሎና ከሌሎች ሰብሎች ጋር በተፈራረቀበት መደብ ደግሞ በአፈሩ ውስጥ ያለው ብስባሽ ከፍ ብሎ ተገኘ፤ ብስባሽ የበዛበት አፈር ውሃ ይይዛል፣ ጎርፍም በቀላሉ አይወስደውም።

በህንድ በኢንዶር ከ1924 ጀምሮ በጥጥ መሬት ላይ ብስባሽን ያጠኑት አልበርት ሃዋርድ በኋላ ዘመናቸው የፋብሪካ ማዳበሪያን አጥብቀው ተቃወሙ። ክርክራቸው ብዙ ተከታይ አፈራ። የአላባማው መደብ ግን እንዲህ ያለውን ፍርድ አይደግፍም፤ በከረጢት ብቻ የሚታመነውንም እንዲሁ።

ሙከራው በ1988 ከአገሪቱ ታሪካዊ ቦታዎች መዝገብ ገባ። ማገጥም ናይትሮጅንም ተነፍጎት ዘወትር ጥጥ የሚዘራበት መደብም ለማነጻጸሪያ እንዲሆን ከሌሎቹ ጎን እንዲቆይ ተደርጓል።