ኪት ካትና የጃፓን መንገደኞች ስጦታ

በጃፓን ሺዙኦካ አውራጃ፣ በአቤ ወንዝ የላይኛው ተፋሰስ፣ ንጹሕ የተራራ ውኃ ድንጋይ ለድንጋይ በሚወርድባቸው እርከኖች ላይ ዋሳቢ ይለማል። ዋሳቢ የሰናፍጭ ዘመድ ነው። ግንዱ ተፍቆ ከጥሬ ዓሣ ጋር ሲበላ ምላስን ብዙም ሳይነካ አፍንጫን ሰርስሮ ይወጣል። በዚያው በሺዙኦካ ታማሩያ የሚባል ከ1875 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ጀምሮ ዋሳቢ አዘጋጅቶ የሚሸጥ ቤት አለ። የዚህ ነባር ቤት ስም ኪት ካት በተባለው የዋፈር ቸኮሌት ካርቶን ላይ ታትሞ ይታያል። ቸኮሌቱ ነጭ ነው፤ ሲገመጥ መጀመሪያ የሚመጣው የወተትና የስኳር ጣዕም ሲሆን፣ ጥቂት ቆይቶ ለስለስ ያለ የዋሳቢ የማቃጠል ስሜት ወደ አፍንጫ ይወጣና ወዲያው ይጠፋል።

የውጭ አገር ሰው ይህን ሲቀምስ ፊቱን አጨፍግጎ ይስቃል፤ ጃፓኖች ያሻቸውን ሁሉ ከቸኮሌት ጋር የሚቀላቅሉ ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። ከእነዚህ እንግዳ ጣዕሞች በስተጀርባ ከቸኮሌቱ በብዙ የሚያረጅ የመንገደኞች ልማድ አለ።

ኪት ካት ራሱ ለጃፓን እንግዳ ነው። በ1935 በእንግሊዟ ዮርክ ከተማ ራውንትሪ የተባለው ኩባንያ በሌላ ስም ለገበያ አቀረበው፤ የዛሬ ስሙን ያገኘው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ጃፓን የገባው በ1973፣ ፉጂያ በተባለ ነባር የጣፋጭ ኩባንያ በኩል ነበር። በ1988 የስዊዘርላንዱ ኔስሌ ራውንትሪን ጠቅልሎ ሲገዛ ቸኮሌቱም ወደ ኔስሌ እጅ ገባ፤ የጃፓኑ ቅርንጫፍ ዋና መሥሪያ ቤትም ኮቤ ከተማ ነው።

ጃፓኖች ስሙን ሲጠሩት “ኪቶ ካትሱ”፣ ማለትም “በእርግጥ ታሸንፋለህ” ከሚለው አባባል ጋር ይቀራረባል። ስለዚህ በዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ሰሞን ወላጆችና ጓደኞች ለተፈታኞች ይሰጡት ጀመር። ልማዱን የፈጠረው ኩባንያው ሳይሆን ሕዝቡ ነው፤ ኔስሌ ነገሩን ያወቀው ዘግይቶ ነው። በ2009 ከጃፓን ፖስታ ጋር ተስማምቶ፣ መልካም ምኞት ተጽፎበት እንደ ደብዳቤ የሚላክ ኪት ካት በ20,000 ያህል ፖስታ ቤቶች እንዲሸጥ አደረገ። በዚህም አንድ ተራ ዋፈር ሰው ለራሱ ከሚገዛው ይልቅ ለሌላ የሚሰጠው ነገር ሆነ።

በጃፓን ደግሞ ስጦታ ረጅም ታሪክ አለው። ከጉዞ የሚመለስ ሰው ለቤተሰቡ፣ ለጎረቤቱና ለሥራ ባልደረቦቹ የሄደበትን አገር ምርት ይዞ ይመጣል፤ ይህ ኦሚያጌ ይባላል። በኤዶ ዘመን፣ ማለትም ከ1603 እስከ 1868፣ ተራው ገበሬ ከመንደሩ ርቆ ለመሄድ ከነበሩት ጥቂት ምክንያቶች አንዱ ወደ ኢሴ ታላቅ መቅደስ የሚደረግ ጉዞ ነበር። ጉዞው ብዙ ወጪ ስለሚጠይቅ የመንደር ሰዎች እንደ ዕቁብ ገንዘብ አዋጥተው ዕጣ ያወጣሉ፤ ዕጣው የወጣለት በሁሉም ስም ይሄዳል። ይህ ሰው ባዶ እጁን መመለስ አይችልም። ስንቁን የሰጡት ሁሉ ከበረከቱ እንዲካፈሉ የመቅደሱን ክታብና የመንገዱን ምርት ይዞላቸው ይመጣል።

ከኤዶ (ከዛሬዋ ቶኪዮ) ወደ ኪዮቶ በሚወስደው የቶካይዶ ጎዳና ላይ 53 ማረፊያ ጣቢያዎች ነበሩ፤ ብዙዎቹም የየራሳቸው የታወቀ ምግብ ነበራቸው። በአቤ ወንዝ መሻገሪያ ላይ በአኩሪ አተር ዱቄት የተለወሰ የሩዝ ሊጥ ይሸጥ ነበር፤ ዛሬም ይሸጣል። በኢሴ መቅደስ አጠገብ ያለው አካፉኩ የተባለው ጣፋጭ ቤት የተመሠረተው በ1707 ነው። በ1872 የመጀመሪያው የባቡር መስመር፣ በ1964 ደግሞ ፈጣኑ ባቡር ሺንካንሰን ሥራ ሲጀምር የጣቢያ ሱቆች በእንዲህ ያለ ስጦታ ተሞሉ። የዘመኑ ስጦታ ቀላል፣ ቶሎ የማይበላሽ፣ ቢሮ ውስጥ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ አንድ እንዲደርስ በየራሱ የተጠቀለለ መሆን ነበረበት። ትናንሾቹ ኪት ካቶች ያለ ምንም ለውጥ ይህን ሁሉ ያሟላሉ።

የቀረው ጣዕሙ ነበር። በ2000 የእንጆሪ ጣዕም ያለው ወጣ፤ በ2004 የአረንጓዴ ሻይ ዱቄት፣ ማቻ፣ ተከተለ። ከዚያ በኋላ የመጡት ጣዕሞች ዛሬ ከ300 በላይ ሆነዋል። ይህን ያስቻለው በአመዛኙ ነጭ ቸኮሌት ነው። ነጭ ቸኮሌት የካካዎ ቅቤ እንጂ ጥቁሩና መራራው የካካዎ ዱቄት ስለሌለበት፣ የጨመሩበትን ጣዕም አይሸፍንም፤ ቀለሙንም ይቀበላል። ሌላው ምክንያት ሰፈር ለሰፈር የተዘረጉት፣ ሌት ተቀን የሚሠሩት ትናንሽ መደብሮች ናቸው። መደርደሪያቸው ጠባብ ስለሆነ ዕቃ በፍጥነት ይለዋውጣሉ፤ ለጥቂት ሳምንታት ብቻ የሚሸጥ ጣዕም ለእነርሱ የተመቸ ነው።

ሆኖም ከሁሉ የሚበልጡት የየአውራጃው ጣዕሞች ናቸው። ለኡጂ ማቻና ለተቆላው ሻይ ሆጂቻ ስሙን የሰጠው በ1832 በኪዮቶ አጠገብ ባለችው በኡጂ የተመሠረተው የሻይ ነጋዴ ቤት ኢቶ ኪዩኤሞን ነው። ናጋኖ ውስጥ ከዜንኮጂ ቤተ መቅደስ ጋር ስሙ ተያይዞ የሚነሳው ያዋታያ ኢሶጎሮ ከ1736 ጀምሮ በርበሬ ሲሸጥ የኖረ ቤት ነው፤ እርሱም በርበሬውን ለኪት ካት ሰጥቷል። ከኦኪናዋ ሐምራዊ ስኳር ድንች፣ ከሆካይዶ ሜሎን፣ ከሰሜን ምሥራቁ ቶሆኩ ደግሞ ዙንዳ የሚባለው ከስኳር ጋር የታሸ ለጋ አኩሪ አተር መጥቷል። ከ200 ዓመት በላይ ስሙን ጠብቆ የኖረ የበርበሬ ቤት ማኅተሙን ለአንድ የፋብሪካ ዋፈር ማዋሱ ቀላል ነገር አይደለም። ይህን ያደረገው የመንገደኛው ስጦታ መልኩን ቢለውጥም ሥራው ያው መሆኑን ስለተረዳ ይመስላል።

ጣዕሞቹ ሁሉ ግን እኩል አይደሉም። የሶይ ሶሱን፣ ማለትም የአኩሪ አተር መረቅ ጣዕም ያለውን፣ የቀመሱ ብዙዎች ያገኙት የጠበቁትን ጨው ሳይሆን ከተቃጠለ ስኳር የሚቀርብ ጣፋጭነት ነው። ከሩዝ በሚጠመቀው ሳኬ የተሠራውና በ2016 የወጣው 0.8 በመቶ አልኮል ስላለው፣ ማሸጊያው ላይ ሕፃናትንና አሽከርካሪዎችን የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍ አለ። ማቻው ከሁሉም የተዋጣለት ነው ቢባል አያስነቅፍም፤ የሻዩ ምሬት የነጩን ቸኮሌት ስኳር በልኩ ይይዘዋል።

በጣዕሞቹ ላይ ከኩባንያው ጋር የሠራው የታወቀ ጣፋጭ ሠሪ ያሱማሳ ታካጊ ነው። በጥር 2014 ቶኪዮ ኢኬቡኩሮ በሚገኘው የሴይቡ የገበያ አዳራሽ ውስጥ፣ በእርሱ ኃላፊነት የሚዘጋጁ ኪት ካቶችን ብቻ የሚሸጥ መደብር ተከፈተ። በዚያው ዓመት በ2011 ሱናሚ የፈራረሰው የሳንሪኩ ባቡር መስመር በሙሉ ሥራ ሲጀምር፣ የኪት ካት ማሸጊያ የባቡር ትኬት ሆኖ እንዲያገለግል ተደርጓል።

በ2017 ኔስሌ በሂሜጂ አዲስ የኪት ካት ማምረቻ ከፈተ፤ አንዱ ምክንያት የውጭ ጎብኚዎች ግዢ መብዛቱ ነበር። ዛሬ የሺዙኦካው ዋሳቢ፣ የሆካይዶው ሜሎንና የኡጂው ሻይ በአየር ማረፊያ ሱቆች ጎን ለጎን ተደርድረው ይሸጣሉ። ለጎብኚው ይህ ምቾት ነው። ለልማዱ ግን ጉዳት አለው፤ ሺዙኦካን ሳይረግጡ የሚገዙት የሺዙኦካ ስጦታ ከጉዞው ተነጥሎ ይቀራል። ጣዕሞቹን በትክክል መቅመስ የሚፈልግ ሰው በባቡር ተሳፍሮ እያንዳንዱን በየአገሩ፣ ዋሳቢውን ከእርከኖቹ አጠገብ፣ ሻዩንም ኡጂ ውስጥ ቢቀምስ ይሻላል።