ለ8ኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ፈተና የአንብቦ መረዳት ዝግጅት

መግቢያ

የመካከለኛ ደረጃ ትምህርት 7ኛና 8ኛ ክፍልን ያካትታል። ተማሪዎች 8ኛ ክፍልን ሲያጠናቅቁ በየክልሉና በየከተማ አስተዳደሩ የሚሰጠውን ፈተና ይወስዳሉ። ከሚፈተኑባቸው የትምህርት ዓይነቶች አንዱ እንግሊዝኛ ሲሆን፣ ምንባብ አንብቦ ባለምርጫ ጥያቄዎችን መመለስ የዚህ ፈተና የተለመደ ክፍል ነው። ይህ ጽሑፍ ተማሪዎች ለዚህ ክፍል እንዴት መዘጋጀት እንደሚችሉ፣ ወላጆችም እንዴት ሊያግዟቸው እንደሚገባ ይገልጻል።

የአንብቦ መረዳት ጠቀሜታ

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት፣ ማለትም ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ፣ የማስተማሪያ ቋንቋው እንግሊዝኛ ነው። እስከዚያ ድረስ አብዛኛውን ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋው ሲከታተል የቆየ ተማሪ ባዮሎጂን፣ ጂኦግራፊንና ታሪክን ሳይቀር በእንግሊዝኛ አንብቦ መረዳት ይጠበቅበታል። በመሆኑም በ8ኛ ክፍል የምንባብ ጥያቄዎችን በግምት ብቻ እየመለሰ የሚያልፍ ተማሪ በቀጣዩ ዓመት ችግሩ በሁሉም የትምህርት ዓይነቶች ይገጥመዋል። ለፈተናው የሚደረገው ዝግጅት ለዚህ ሽግግርም ዝግጅት እንደሆነ መገንዘብ ይገባል።

አንብቦ መረዳት እያንዳንዱን ቃል መተርጎም አይደለም። ምንባቡ ስለ ምን እንደሚናገር፣ ሐሳቦቹ እንዴት እንደተያያዙና ለቀረበው ጥያቄ የትኛው ዓረፍተ ነገር ማስረጃ እንደሚሆን መለየት ነው።

ዋና ዋና የጥያቄ ዓይነቶች

ለማብራሪያ ያህል የሚከተለው ሐሳብ በእንግሊዝኛ ተጽፎ ለፈተና ቀረበ እንበል፦

«ጫልቱ በየማለዳው ውኃ ለመቅዳት ወደ ወንዝ ትሄድ ነበር። ጉዞው አንድ ሰዓት ይፈጃል። ብዙ ጊዜ ትምህርት ቤት የምትደርሰው የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ካለቀ በኋላ ነበር። ባለፈው ዓመት የመንደሩ ነዋሪዎች ገንዘብ አዋጥተው የውኃ ጉድጓድ አስቆፈሩ። እርሱም ከቤቷ የአምስት ደቂቃ መንገድ ነው። አሁን ጫልቱ ደወል ከመደወሉ በፊት ክፍል ውስጥ ትገኛለች።»

1. የዋና ሐሳብ ጥያቄ፦ ትክክለኛው መልስ ምንባቡን በሙሉ የሚሸፍን መሆን አለበት፤ እዚህ ላይ «አዲሱ ጉድጓድ ጫልቱ በሰዓቱ እንድትማር አስቻላት» የሚለው ነው። «ጫልቱ ወደ ወንዝ ትሄድ ነበር» የሚለው ምርጫ እውነት ቢሆንም የምንባቡ አንድ ክፍል ብቻ ነው። «ንጹሕ ውኃ ለጤና ይጠቅማል» የሚለውም እውነት ነው፤ ሆኖም ምንባቡ ስለዚህ አልተናገረም። ተማሪዎችን በብዛት የሚያሳስቱት እነዚህ ሁለት ዓይነት ምርጫዎች ናቸው።

2. የዝርዝር ጉዳይ ጥያቄ፦ «ጉድጓዱን ያስቆፈረው ማን ነው?» ለሚለው «ጉድጓድ» የሚለውን ቃል በምንባቡ ውስጥ ፈልጎ ዓረፍተ ነገሩን በጥንቃቄ ማንበብ ይበቃል።

3. የተውላጠ ስም ጥያቄ፦ «እርሱ» የሚለው ምንን ይተካል? ምርጫዎቹን በየተራ በተውላጠ ስሙ ቦታ አስገብቶ ማንበብ ይገባል። «ገንዘቡ ከቤቷ የአምስት ደቂቃ መንገድ ነው» የሚለው ትርጉም አይሰጥም፤ «ጉድጓዱ» ግን ይስማማል።

4. የቃላት ፍቺ ጥያቄ፦ ተማሪው «አዋጡ» ለሚለው የቆመውን የእንግሊዝኛ ቃል ባያውቀው እንኳ፣ አጠገቡ ያሉት «ነዋሪዎች»፣ «ገንዘብ» እና «አስቆፈሩ» የሚሉት ቃላት እያንዳንዱ የድርሻውን እንደሰጠ ይጠቁሙታል።

5. በቀጥታ ያልተገለጸ ሐሳብ ጥያቄ፦ ጫልቱ ታረፍድ የነበረው ለምንድን ነው? ምንባቡ ምክንያቱን በቀጥታ አልጻፈም። ሆኖም የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዓረፍተ ነገሮች በማያያዝ ውኃ መቅዳቱ እንደሆነ መረዳት ይቻላል።

በፈተና ጊዜ የሚከናወኑ ተግባራት

• ርዕሱንና ጥያቄዎቹን በፍጥነት ተመልክቶ የሚፈለገውን ነገር ማወቅ፤
• ምንባቡን ባልታወቁ ቃላት ላይ ሳይቆሙ አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው ማንበብ፤
• ለእያንዳንዱ ጥያቄ ወደ ምንባቡ ተመልሶ ማስረጃውን መፈለግ፤
• በግልጽ የተሳሳቱ ምርጫዎችን አስቀድሞ ማስወገድ፤
• «ትክክል ያልሆነው የቱ ነው?» የሚሉ አሉታዊ ጥያቄዎችን በጥንቃቄ መለየት፤
• አስቸጋሪውን ጥያቄ አልፎ በመጨረሻ መመለስ፣ የጥያቄው ቁጥርና በመልስ መስጫው ላይ የተጠቆረው ቁጥር አንድ መሆኑንም ማረጋገጥ።

የዘወትር ልምምድ

በፈተናው ዋዜማ ከሚደረግ ረጅም ጥናት ይልቅ በየቀኑ ለሃያ ደቂቃ ያህል ማንበብ የተሻለ ነው። ለዚህም የ7ኛና የ8ኛ ክፍል የእንግሊዝኛ መማሪያ መጻሕፍት ምንባቦች ቀዳሚ መለማመጃዎች ናቸው። ተማሪው ከእያንዳንዱ መልስ አጠገብ ማስረጃውን ያገኘበትን መስመር ቁጥር ቢጽፍ ከግምት ይላቀቃል። የተሳሳታቸውን ጥያቄዎችም ከላይ በተዘረዘሩት ዓይነቶች ቢመድባቸው ድክመቱ የት እንደሆነ በግልጽ ያያል። አዲስ ቃል ሲመዘግብ ቃሉ የተገኘበትን ዓረፍተ ነገር አብሮ መጻፍ ይኖርበታል።

የወላጆች ድርሻ

እንግሊዝኛ የማይችሉ ወላጆችም ልጃቸውን ማገዝ ይችላሉ። ልጁ ያነበበውን ምንባብ በቤት ውስጥ በሚነገረው ቋንቋ እንዲተርክ መጠየቅ፣ ቀጥሎም «ይህን ከየትኛው መስመር አገኘኸው?» ብሎ በጣቱ እንዲያሳይ ማድረግ በቂ ነው። ምንባቡን በራሱ አነጋገር መተረክ ያቃተው ልጅ ድምፁን አሰምቶ ቢያነብም ገና አልተረዳውም ማለት ነው፤ ስለዚህ በድጋሚ እንዲያነበው ማበረታታት እንጂ መቆጣት አይገባም። ለልጁም ከቤት ሥራ ነፃ የሆነ የንባብ ሰዓት መመደብ አስፈላጊ ነው።

የመማሪያ መጽሐፍ ያልደረሰው፣ ወይም በማየትና በመስማት ጉዳት ምክንያት ልዩ ድጋፍ የሚያስፈልገው ተማሪ ካለ፣ ወላጆች ፈተናው ከመድረሱ በፊት ለትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር ወይም ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ማሳወቅ ይኖርባቸዋል።