የቃላት ማብራሪያ፦ ድኅረ ወሊድ ድብርት

እናት ከወለደች በኋላ ከሁለት ሳምንት በላይ የሚዘልቅ፣ ደስታንና ጉልበትን የሚነሳ ሕመም ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት መጥቶ ቶሎ የሚያልፈው ሆደ ባሻነት ሌላ ነው።

በመንዝ፣ በግሼም ሆነ በመርሐቤቴ አራስ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ትባላለች፤ ገንፎ ይገነፋላታል። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና ይነሣሉ። ይህ ሁሉ ደግ ነው። ስለ ሐዘኗ የሚጠይቃት ከሌለ ግን ዝምታዋ የድካም ብቻ ይመስላል።

ሕፃኑ ግን ዝምታዋን ያውቀዋል።

አሜሪካዊው ተመራማሪ ኤድዋርድ ትሮኒክ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እናቶች ለጥቂት ደቂቃ ፊታቸው ምንም እንዳያሳይ አደረገ። ሕፃናቱ እናታቸውን ለመመለስ ፈገግ አሉ፤ ሳይሳካላቸው ሲቀር ፊታቸውን አዞሩ። በድብርት የታመመች እናትም ፊቷ እንዲሁ ዝም ሲል ያጣችው ፍቅር አይደለም፤ ምላሽ የመስጠት አቅም ነው።

ሕመሙ ይታከማል። አራሷ ሁለት ሳምንት አልፏት ካልቀለላት ቤተሰቧ ወደ ጤና ጣቢያ፣ የመርሐቤቴ ሰውም ዓለም ከተማ ወዳለው እናት ሆስፒታል ይውሰዳት፤ ራሷን ወይም ልጇን ለመጉዳት ካሰበች አንድ ሌሊትም አታሳድሯት።