ኢሉሚናቲ፦ ዘጠኝ ዓመት የኖረ ማኅበር፣ ሁለት መቶ ዓመት የተሻገረ ጥርጣሬ

አንድ ድምፃዊ በጣቶቹ ሦስት ማዕዘን ሲሠራ፣ አንድ የሀገር መሪ በድንገት ሲሞት፣ ወረርሽኝ ሲነሣ ወይም ገንዘብ ሲረክስ “ከጀርባው እነማን አሉ?” የሚል ጥያቄ ይከተላል። መልሱም ብዙ ጊዜ በአንድ ቃል ይሰጣል፤ ኢሉሚናቲ። ቃሉ ከላቲን የተገኘ ሲሆን “ብርሃን የበራላቸው” የሚል ትርጉም አለው። በዚህ ስም የሚጠራ ማኅበር በእርግጥ ነበረ። የሴራ ትንተናው ብዙ ሰው የሚማርከውም በከፊል ከዚህ እውነት ስለሚነሣ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የውጭ ሀገራት ታሪክ ዓመታት በጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር፣ የኢትዮጵያ ደግሞ በሀገሪቱ አቆጣጠር ቀርበዋል።)

ማኅበሩ የተመሠረተው በግንቦት 1 ቀን 1776 በባቫሪያ፣ ኢንጎልሽታት ከተማ ነው። መሥራቹ አዳም ቫይስሃውፕት በከተማዋ ዩኒቨርሲቲ የቤተ ክርስቲያን ሕግ የሚያስተምር የ28 ዓመት ወጣት ነበር። በዚያ ዘመን ባቫሪያ የመጻሕፍት ቁጥጥር የጠበቀባት፣ የዩኒቨርሲቲው ሕይወትም በኢየሱሳውያን ተጽዕኖ ሥር የቆየባት ሀገር ነበረች። ቫይስሃውፕት በግልጽ ማስተማር ያልቻለውን ፍልስፍና በስውር ለማስፋፋት አምስት ሆነው ጀመሩ። አባላቱ የምስጢር ስም ነበራቸው፤ እርሱ ራሱ “ስፓርታከስ” ተባለ፣ ሙኒክ ከተማ ደግሞ “አቴና” ተብላ ተጠራች። በ1780 አዶልፍ ክኒገ የተባለ ጸሐፊ ተቀላቅሎ በፍሪሜሶን ማኅበራት በኩል አባላትን አበዛ። መሳፍንትና ደራስያን ገቡበት፤ ይሁንና በገነነበት ጊዜ እንኳ የአባላቱ ቁጥር ከጥቂት ሺህ አላለፈም። ዓለምን በስውር ይመራሉ የተባሉት ሰዎች ስለ ማዕረግና ስለ ሥርዓት ሲጨቃጨቁ ክኒገ በ1784 ጥሎ ወጣ።

በዚያው ዓመት የባቫሪያው ገዥ ካርል ቴዎዶር የምስጢር ማኅበራትን ሁሉ አገደ፤ በ1785 ደግሞ ኢሉሚናቲን በስም ጠቅሶ ከለከለ። ቫይስሃውፕት ሸሽቶ በጎታ መስፍን ጥላ ሥር ኖሮ በ1830 ዐረፈ። የመንግሥት ፖሊሶች ከአንድ አባል ቤት የያዟቸውን ደብዳቤዎችና ደንቦች መንግሥት በ1787 አሳትሞ ለሕዝብ በተነ። ስለ ማኅበሩ ይህን ያህል የሚታወቀው ምስጢሩን መጠበቅ ስላልቻለ ነው።

ማኅበሩ ሞተ፤ ስሙ ግን ገና መነሣቱ ነበር። የ1789 የፈረንሳይ አብዮት አውሮፓን ባናወጠ ጊዜ የዕዳ ጫና፣ የመከር መጥፋትና የዳቦ ዋጋ መናር ለብዙዎች በቂ ምክንያት ሆነው አልታዩም። በ1797 በለንደን በስደት የነበረው አባ ኦጉስተን ባርዌልና የኤደንብራው የሳይንስ መምህር ጆን ሮቢሰን፣ ሳይመካከሩ አብዮቱ የኢሉሚናቲ ሴራ ውጤት ነው የሚሉ መጻሕፍት አወጡ። የሮቢሰን መጽሐፍ አትላንቲክን ተሻገረ። ጀዲዳያ ሞርስ የተባለ የአሜሪካ ሰባኪ በ1799 የአባላቱ ስም ዝርዝር በእጁ እንዳለ ዐወጀ። ዝርዝሩ ሲጣራ የአንድ ተራ የፍሪሜሶን ማኅበር ሆኖ ተገኘ።

በዶላር ላይ ያለው ፒራሚድ ብዙ የተባለለት በመሆኑ አጭር ማብራሪያ ይበቃዋል። ምስሉ በ1782 የጸደቀው የአሜሪካ ማኅተም ጀርባ ነው፤ ከሥሩ በሮማውያን ቁጥር የተጻፈው 1776ም ነጻነት የታወጀበት ዓመት ነው። በአንድ ዶላር ኖት ላይ የታተመው በ1935 ነው።

ከዚህ ይልቅ የሚከብደው፣ “ጥቂት ስውራን ዓለምን ይገዛሉ” የሚለው ሐሳብ ጣቱን ወደ አንድ ሕዝብ ባዞረ ጊዜ የሆነው ነው። በ1903 በሩሲያ የታተመው “የጽዮን ሽማግሌዎች ፕሮቶኮሎች” አይሁድ ዓለምን ለመቆጣጠር የዶለቱበት የስብሰባ ቃለ ጉባኤ ተብሎ ቀረበ። የለንደኑ ታይምስ ጋዜጣ በ1921 ጽሑፉን ሞሪስ ዦሊ በ1864 ናፖሊዮን ሣልሳዊን ለመንቀፍ ከጻፈው መጽሐፍ ጎን ለጎን አስቀምጦ ዐረፍተ ነገሮቹ ከዚያ የተገለበጡ መሆናቸውን አሳየ። በዦሊ መጽሐፍ ውስጥ የአይሁድ ሴራ የሚባል ነገር የለም። ማጋለጡ ግን ናዚዎች ጽሑፉን ለጥላቻ ቅስቀሳ ከመጠቀም አላገዳቸውም።

የሴራ ትንተና ደጋፊዎች ለዚህ ሁሉ ጠንካራ መልስ አላቸው፤ መንግሥታት ይዋሻሉ። እውነት ነው። የአሜሪካ የሕዝብ ጤና አገልግሎት ከ1932 ጀምሮ በአላባማ ግዛት፣ ተስኪጊ፣ 399 ቂጥኝ የያዛቸውን ጥቁር ወንዶች እያከመ መስሎ ያለ ሕክምና ተመልክቷል። በ1940ዎቹ ፔኒሲሊን ፈውስ መሆኑ ከታወቀ በኋላም መድኃኒቱን አልሰጣቸውም። ነገሩ ያበቃው በ1972 አንድ የቀድሞ የተቋሙ ሠራተኛ ለጋዜጠኛ ከተናገረ በኋላ ነው።

ኢትዮጵያም የራሷ ምስክር አላት። በ1965 ዓ.ም በወሎ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ በረሃብ ሲረግፍ የንጉሡ መንግሥት የሀገር ገጽታ እንዳይጎድፍ ነገሩን አዳፈነ። የዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች ፎቶግራፍ ይዘው መጡ፤ በጥቅምት 1966 ዓ.ም ደግሞ ጆናታን ዲምብልቢ የተባለው ጋዜጠኛ ያነሣው ፊልም በእንግሊዝ ታየ።

እነዚህን ሁለት ምስጢሮች ከኢሉሚናቲ ትንተና ጋር የሚያስተያይ ሰው አንድ ልዩነት አያጣም። በተስኪጊም በወሎም የደበቁት ሰዎች ስውራን አልነበሩም። ስም፣ ማዕረግ፣ ቢሮና ደመወዝ ነበራቸው፤ የደበቁበት ምክንያትም የታወቀ ነው፤ ሹመትን መጠበቅ፣ አለቃን አለማስቆጣት፣ ድሃን ከሰው አለመቁጠር። ለማጋለጥም የተጻፈ ሰነድ፣ ያየ ምስክርና የተነሣ ምስል ተገኝቷል። የኢሉሚናቲ ትንተና በአንጻሩ ማስረጃ ሲጠፋ “ይኸው፣ ደብቀውታል” ስለሚል በምንም ነገር ሊረታ አይችልም። የማይታይ አካል ሲከሰስ ደግሞ የሚታየው ባለሥልጣን ከጥያቄ ያመልጣል።

የወሎው ጉዳይ በ1966 ዓ.ም ለመርማሪ ኮሚሽን ተሰጥቶ ነበር፤ ባለሥልጣናቱም በስማቸው እየተጠሩ ይጠየቁ ጀመር። ደርግ የዲምብልቢን ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስሎች ጋር አቀናብሮ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም በቴሌቪዥን አሳየ፤ በማግሥቱ ንጉሡን አወረደ። ኅዳር 14 ቀን ደግሞ ምርመራው ሳይቋጭ ስድሳ ያህል ሰዎችን ያለ ፍርድ ረሸነ። አሥር ዓመት ቆይቶ መስከረም 1977 ዓ.ም ይኸው መንግሥት አብዮቱን በታላቅ ድግስ ሲያከብር በሰሜን ሌላ ረሃብ ገብቶ ነበር። የውጭ ጋዜጠኞች ወደ ስፍራው እንዳይሄዱ የተከለከሉት በዓሉ እስኪያልፍ ነው፤ የኮረም ምስሎች ለዓለም የታዩት በጥቅምት ወር ነበር።