ጆን ስሚተንና የአማካሪ መሐንዲስነት አጀማመር

በ18ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ በእንግሊዝ አገር መሐንዲስ የሚለው ስም ከሁሉ በፊት የጦር ሠራዊትን ሰው የሚያመለክት ነበር፤ ምሽግ የሚያሠራና ምሽግ የሚያፈርስ፣ ደመወዙንም ከመንግሥት የሚቀበል ማለት ነው። ወፍጮውን፣ ቦዩንና ድልድዩን የሚሠሩት ግን ግንበኞች፣ አናጢዎችና ወፍጮ ሠሪዎች ነበሩ። ሥራውን የሚነድፈውም፣ በዋጋ ተዋውሎ የሚሠራውም፣ ስለ ጥራቱ የሚመሰክረውም ብዙውን ጊዜ ያው አንዱ ሰው ስለ ነበረ፣ አሠሪው የሚያገኘው ምክር ከሻጭ አፍ የወጣ ምክር ነበር። ራሱን «ሲቪል መሐንዲስ» ብሎ በመጥራት የመጀመሪያው እንደ ሆነ የሚነገርለት ጆን ስሚተን ከዚህ ልማድ ወጣ፤ የሚሸጠው ድንጋይና ጉልበት ሳይሆን ምርመራ፣ ንድፍና በጽሑፍ የሠፈረ ፍርድ ሆነ።

ስሚተን እ.ኤ.አ. በ1724 በሊድስ አጠገብ በኦስቶርፕ ተወለደ (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው)። ጠበቃ የነበረው አባቱ ሕግ እንዲማር ወደ ሎንዶን ቢልከውም፣ ወጣቱ ትምህርቱን ትቶ የሳይንስ መሣሪያ ሠሪ ሆነ። በ1753 የሮያል ሶሳይቲ አባልነት ተሰጠው። እንዲህ ያለው ማዕርግ እንጀራ አይሆንም፤ ዳሩ ግን ደንበኛ ያመጣል። ይኸውም በ1755 መጨረሻ ከፕሊመዝ ፊት ለፊት በኤዲስቶን ዐለት ላይ የነበረው ከእንጨት የተሠራ የመርከቦች መብራት ግንብ በተቃጠለ ጊዜ፣ ባለንብረቶቹ የሮያል ሶሳይቲውን ፕሬዚዳንት ሰው እንዲጠቁሟቸው ጠየቁ፤ እርሳቸውም ስሚተንን ጠቆሙ። በዚያን ጊዜ ስሚተን ገና 31 ዓመቱ ሲሆን፣ ይህን ያህል ታላቅ ሕንፃ ሠርቶ አያውቅም ነበር።

ስሚተን ግንቡ የድንጋይ እንዲሆን ወሰነ። ድንጋዮቹ እርስ በርሳቸውና ከዐለቱ ጋር እንደ አናጢ ሥራ እየተጠላለፉ እንዲያያዙ አደረገ። ትልቁ ችግር ግን ማጣበቂያው ነበር፤ ተራ ኖራ በባሕር ውሃ ውስጥ አይጠነክርም። ስሚተን ከልዩ ልዩ ሥፍራ የመጡ የኖራ ድንጋዮችን በአሲድ እያሟሟ ሲመረምር፣ በውሃ ውስጥ የሚጠነክረው ሸክላ አፈር የተቀላቀለበት ድንጋይ መሆኑን ደረሰበት። ለሥራውም የዌልስን የአበርዶ ኖራ ከኢጣሊያ ፖዞላና ጋር አዋህዶ ተጠቀመ። መብራቱ በጥቅምት 1759 በራ። በዚያው ዓመት ስለ ውሃና ስለ ነፋስ ወፍጮዎች ባደረገው ጥናት የኮፕሊን ሜዳሊያ ተሸለመ።

ይህን ሁሉ ክብር ያገኘ ሰው ሥራ ይጎርፍለታል ተብሎ ይገመት ይሆናል። ነገሩ እንዲያ አልሆነም። በቀጠሉት ዓመታት የሚፈልገውን ያህል ሥራ ስላላገኘ፣ በ1764 መጨረሻ በሰሜን እንግሊዝ የሚገኘውን የደርወንትዋተር ርስት ገቢ ከሚያስተዳድሩት ሰዎች አንዱ ሆኖ ተሾመ፤ ሹመቱንም እስከ 1777 ያዘ። የሕይወት ታሪኩን የሚያወሱ ሰዎች ይህን ቸል ብለው ያልፉታል። ሆኖም ቋሚው ገቢ ያልወደደውን ሥራ እንዲመልስና የወደደውን እስኪያገኝ እንዲታገሥ ሳያስችለው አልቀረም።

የአሠራሩ ሥርዓት ግን ከሹመቱም ይበልጥ ጠቅሞታል። ንድፉንና ሪፖርቱን በኦስቶርፕ ቤቱ ያዘጋጃል፤ በየሥራው ቦታ የሚውል ነዋሪ መሐንዲስ እንዲኖር ያደርጋል፤ እርሱም በየጊዜው እየተጓዘ ይጎበኛል፣ በቀረው ጊዜ በደብዳቤ ይመራል። ስለዚህ በ1768 የተጀመረውን የፎርዝና ክላይድ ቦይ በስኮትላንድ ሲመራ፣ በሌላ ወገን የካሮንን የብረት ፋብሪካ ማማከር ችሏል። በ1771 እርሱና ጓደኞቹ በሎንዶን የሲቪል መሐንዲሶችን ማኅበር መሠረቱ። በፓርላማ ፊት በተቃራኒ ወገን ቆመው የሚከራከሩ ባለሙያዎች በአንድ ማዕድ የሚገናኙበት ነበር።

በሪፖርት የሚኖር ሰው በሪፖርቱ ይጠየቃል። በሄክሳም ከተማ በታይን ወንዝ ላይ የነደፈው ድልድይ በ1780 ተፈጸመ፤ በመጋቢት 1782 ከባድ ጎርፍ ጠርጎ ወሰደው። የወንዙ ወለል ጠጠር ሲሆን፣ መሠረቱ ጥልቅ አልነበረም። ስሚተን ንድፉ የእርሱ ነበርና ጥፋቱ በግንበኞች የሚላከክ አልነበረም። ከዚህ በኋላም ደንበኞቹ አልሸሹትም፤ በ1780ዎቹ መጨረሻ የራምስጌት ወደብ መሐንዲስ ሆነ። በጥቅምት 1792 ሞተ። በሄክሳም ሌላው መሐንዲስ ሮበርት ማይልን መሠረቱን አጥልቆ ያሠራው ድልድይ በ1793 ተፈጸመ፤ ዛሬም ተሽከርካሪ ያሳልፋል።