ከነቀምት የፊደል ገበታ እስከ ምህንድስና ትምህርት

በወለጋ የሴቶች ትምህርት ታሪክ ሲወሳ የአስቴር ጋኖ ስም ይቀድማል። ከባርነት ነፃ ወጥታ በምፅዋ አጠገብ በእምኩሉ የተማረችው ይህች መምህርት እ.ኤ.አ. በ1894 ከኦነሲሞስ ነሲብ ጋር የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ አዘጋጅታለች፤ ከ1904 በኋላም በነቀምት አስተምራለች። እ.ኤ.አ. በ1899 ለታተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ብዙ ደክማለች፤ ምስጋናው ግን በአመዛኙ ለወንዱ ባልደረባዋ ተሰጥቶ ቆየ።

ይኸው ልማድ ወደ ምህንድስናም ተሻግሯል። በ1940ዎቹ አጋማሽ የምህንድስና ኮሌጅ በአዲስ አበባ ሲቋቋም፣ የጊዳ አያና ገበሬ ልጅ ውሃና እንጨት ስታመላልስ ትውል ነበር። ሁለተኛ ደረጃ የደረሰችውም ብትሆን፣ ወንዶች የእንጨትና የብረታ ብረት ሥራ ሲማሩ እርስዋ ወደ ባልትና ትመራ ነበር።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ይህን የቆየ በደል አምኖ ለሴቶች ድጋፍ እንዲደረግ ደነገገ፤ በ1999 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ወለጋ ዩኒቨርሲቲም መንገዱን አሳጠረ። ነገር ግን ለሴቶች የመግቢያ ነጥብ ዝቅ ማድረግ ብቻውን መሐንዲስ አያወጣም። በመስክ ልምምድ ወንዱ ቴዎዶላይቱን ይዞ መዝገቡን ለሴቲቱ ካቀበላት የአስቴር ዕጣ ይደገማል። ልምምዱን የሚመሩት በሙያው ላይ ያሉ መሐንዲሶች ናቸው፤ መሣሪያው በማን እጅ እንደሚገባ የሚወስኑትም እነርሱ ናቸው።