የማሪብ ግድብና የጥገናው ነገር

የዐፈር ግድብ መሥራት ከባድ ነው፤ ሠርቶ ማቆየት ግን ከመሥራቱ ይልቅ ይከብዳል። ይህን ለመረዳት ከቀይ ባሕር ማዶ፥ በየመን ምድር የነበረውን የማሪብን ግድብ ታሪክ እንመልከት።

የጥንት ሳባውያን ከክርስቶስ ልደት በፊት፥ በሁለት ተራሮች መካከል የሚወርደውን ዳና የተባለውን የጎርፍ ወንዝ በዐፈር ክምር ገደቡት። ግድቡ በመጨረሻው መልኩ 600 ሜትር የሚጠጋ ርዝመትና 15 ሜትር ያህል ከፍታ ነበረው። ውሃ የሚገፋው ፊቱ ድንጋይ የለበሰ ሲሆን፥ በሁለቱም ጫፍ በተጠረበ ድንጋይ የታነጹ የውሃ በሮች ነበሩት። ተግባሩም በዝናም ወራት የሚደርሰውን ጎርፍ ወደ እርሻው ከፍታ አንሥቶ በየቦዩ ማከፋፈል ነበር።

ነገር ግን ጎርፍ ከውሃው ጋራ ደለል ያመጣል። ደለሉ እርሻውን ከዘመን ወደ ዘመን ከፍ ሲያደርገው፥ ግድቡም አብሮ ከፍ እንዲል ግድ ሆነ፤ ከፍ ባለ ቁጥርም የሚሸከመው የውሃ ኀይል በረታ። ስለዚህ ደጋግሞ ተደረመሰ፤ ደጋግሞም ተጠገነ። የሒምያር ንጉሥ ሸራሕቢል ያዕፉር በ5ኛው ምዕት ዓመት ግድቡን ማስጠገኑን በድንጋይ አስቀርጾ ትቶልናል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ የአገራችንም ሰው ድርሻ አለው። ዐፄ ካሌብ በአውሮፓ አቆጣጠር በ525 ዓ.ም. ወደ የመን ከዘመቱ በኋላ፥ ከሠራዊቱ ወገን የነበረው አብርሃ በዚያው ነገሠ። እርሱ በ548 ዓ.ም. ባስቀረጸው ጽሑፍ እንደምናነበው፥ ዐመፅ ለማብረድ ተሰልፎ ሳለ የግድቡ መፍረስ ተነገረው፤ ነገዶቹን ለሥራ ጠራ፤ ቸነፈር በገባ ጊዜ አሰናበታቸው፤ በኋላም መልሶ ሰብስቦ ሥራውን ፈጸመ። ለሠራተኛው የወጣውን ዱቄትና ተምር፥ የታረደውን ከብት ሳይቀር በቁጥር አስጽፎታል።

ይሁን እንጂ አብርሃ ካለፈ በኋላ የልጆቹ መንግሥት ደከመ፤ አገሪቱም በፋርሶች እጅ ወደቀች። ግድቡም በዚያው ዘመን ግድም ለመጨረሻ ጊዜ ተናደ። በእኛ አስተያየት ጎርፉ የቀድሞው ጎርፍ ነው፤ የጠፋው ሕዝቡን ለጥገና የሚሰበስብ ሥልጣን ነው።

በአገራችን በእኛ አቆጣጠር ከ1987 ዓ.ም. ወዲህ፥ በትግራይና በሌሎችም ክፍሎች ብዙ ትንንሽ የዐፈር ግድቦች ተሠርተዋል፤ ከእነርሱም በርካቶቹን ከታሰበላቸው ዕድሜ አስቀድሞ ደለል ሞልቷቸዋል። እንዲህ ላለው ግድብ የንጉሥ ግምጃ ቤት አያስፈልገውም፤ ከመስኖው ወራት በፊት ቦዩን የሚያስጠርግ የውሃ አባት፥ ስንጥቁን በጊዜው የሚደፍን ገበሬ፥ ከበላዩ ያለውን ተራራ በእርከንና በዛፍ የሚጠብቅ መንደር ይበቃዋል። አብርሃ የጥገናውን ወጪ እስከ ዱቄቱ ድረስ ቆጥሮ መዝግቧል፤ እኛም ግድብ ስናቅድ ከግንባታው ሒሳብ አጠገብ የጥገናውን ሒሳብ መጻፍ ይገባናል።